የጋዝ ግፊትና ሙቀት በመርፌ፣ በሃይላንድና በፔርሙዝ፦ ከወሎ መምህራንና ተማሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከወልድያም የሚመጡት ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። አብዛኛው "ሠርቼው ነበር፣ መጽሐፉ ካለው ጋር ግን አልገጠመም" የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው አይደለም። መቁጠር የጀመርነው ከየት ነው የሚለው ነው። ግፊቱን ከዜሮ ሳይሆን ከመሀል፣ ሙቀቱንም ከዜሮ ሳይሆን ከበረዶ እየቆጠርን መልሰን ሕጉን እንወቅሳለን። ከታች ያለው መልስ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያው ይገባል።

ላብራቶሪ የለንም። ምን ምን ልግዛ?

ብዙ አይደለም። ከፋርማሲ 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አዲስ መርፌ (ሲሪንጁን ማለቴ ነው፣ ሹሉን እዚያው ተዉት)፤ 60 የሚይዘው ከተገኘ ደግሞ እሰየው። አንድ አዲስ የግሉኮስ ቱቦ። ሁለት ሦስት ባዶ ሃይላንድ ከነክዳናቸው። አንድ ፔርሙዝ የፈላ ውሃ፤ መብራት ቢሄድም ክፍለ ጊዜው አይባክንም። ከጁስ ቤት የተለመነች በረዶ። ማስቲሽ። ከጎሚስታ ደጅ የተነሳች የካላማዳሪ ቁራጭ፣ ቀዳዳ ለመድፈን እሷን የሚያህል የለም።

ገንዘብ ካላችሁ ቴርሞሜትሩ ላይ አውጡት። እስከ 110 ዲግሪ የሚለካ፣ ውስጡ ቀይ አልኮል ያለበት ይሁን። የትኩሳት መለኪያ አይሆንም፤ 42 ላይ ያልቃል፣ ፈላ ውሃ ውስጥ ከገባ ይሰበራል።

መርፌውን ደፍኜ ክብደት ስጭንበት ስሌቱ አይገጥምም። ቦይል ተሳሳተ እንዴ?

ቦይል አልተሳሳተም። በ1662 ያሳተመው ነገር ዛሬም ይሠራል፦ ሙቀቱ ካልተለወጠ ግፊትና ይዘት ተባዝተው የሚሰጡት ቁጥር አይነቃነቅም። ችግሩ "ግፊት" ብላችሁ ያስገባችሁት ቁጥር ላይ ነው።

ቀስ ብለን እንየው። መርፌውን 20 ላይ አድርጋችሁ አፉን በማስቲሽ ድፈኑት። ሲደርቅ በተበሳ ጣውላ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ከዜሮ እስከ 20 ያለውን ርዝመት በማስመሪያ ለኩ። 6.6 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 20ን ለ6.6 አካፍሉ፤ የገፊው ስፋት ወደ 3 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። አሁን አንድ ሊትር ውሃ የያዘ ሃይላንድ ጫኑበት። አንድ ኪሎ ነው፣ 9.8 ኒውተን ይገፋል፣ በ3 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ሲያርፍ ወደ 33 ኪሎ ፓስካል ይሆናል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ተማሪ ይመጣል። አንዱ 33ን ብቻ ይይዝና "ከመጫኔ በፊት ግፊቱ ዜሮ ነበር" ይላል። ዜሮ ከነበረማ ዜሮ በ20 ተባዝቶም ዜሮ ነው፣ አየሩ ገና ሲነኩት ድምጥማጡ በጠፋ ነበር። ሌላው ጎበዝ ነው። የከባቢ አየሩን ግፊት መደመር እንዳለበት ያውቃል፣ ግን ከመጽሐፉ 101ን ይወስዳል። 101 የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው፣ ጅቡቲ ላይ ይሠራል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት 75 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው።

በ75 እንሥራው። ከመጫኑ በፊት 75 በ20 ሲባዛ 1,500። አንድ ኪሎ ሲጫን ግፊቱ 108 ይሆናል፤ 1,500 ለ108 ሲካፈል ወደ 13.9 ሚሊ ሊትር። ሁለት ኪሎ ሲሆን ግፊቱ 140፣ ይዘቱ 10.7። በ101 ያሰላው ልጅ ግን ለአንድ ኪሎ 15.1፣ ለሁለት ኪሎ 12.1 ይጠብቃል። መርፌው ከጠበቀው በላይ ሲወርድበት "ያፈሳል" ብሎ ይደመድማል። መርፌው ምንም አላፈሰሰም፣ ያፈሰሰው ቁጥሩ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ የገፊዋ ጎማ ግድግዳውን ትይዛለች። ስለዚህ ክብደቱን ከጫናችሁ በኋላ ገፊውን በጣት ትንሽ ወደ ታች ገፍታችሁ ልቀቁትና አንብቡ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ላይ ስባችሁ ልቀቁትና ደግማችሁ አንብቡ፣ የሁለቱን አማካይ ውሰዱ። ይህን ሳያደርጉ ውጤት አልመጣም የሚሉትን አልሰማቸውም።

ስልኬ ላይ የአየር ሁኔታው አፕ ለደሴ 1018 ይላል፤ እናንተ 750 ትላላችሁ። ማንን ልመን?

ሁለታችንም፣ አፑም እኛም፣ ትክክል ነን። የአየር ትንበያ ሰዎች የየከተማውን ግፊት ወደ ባሕር ወለል አስልተው ነው የሚያወጡት፣ ደሴንና አሰብን በአንድ ካርታ ላይ ለማወዳደር እንዲመቻቸው። ያ 1018 ሄክቶ ፓስካል ደሴ ባሕር ዳርቻ ብትሆን ኖሮ የሚኖራት ግፊት ነው። መርፌውን የሚገፋው ግን አፍንጫችሁ ሥር ያለው አየር ነው፣ እሱ ወደ 750 ሄክቶ ፓስካል ወይም 75 ኪሎ ፓስካል ነው።

አንዳንድ ስልክ ውስጥ የግፊት መለኪያ አለ፣ ርካሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ የለም። ካለ በጀርመን የአኽን ዩኒቨርሲቲ ያወጣውን ፋይፎክስ የሚባል ነጻ አፕ ጫኑ፤ ትክክለኛውን የቦታ ግፊት ያሳያችኋል። ስልኩን አየር የሞላ ፌስታል ውስጥ አስሩና ፌስታሉን በመዳፍ ጫን በሉት፣ ቁጥሩ ሲወጣ ታያላችሁ። ተማሪ ይህን ሲያይ ከወንበሩ ይነሳል።

ግፊት በከፍታ እንደሚቀንስ ያለ መሣሪያ ማሳየት ይቻላል?

ወሎ ውስጥ ለዚህ የሚያስፈልገው የሚኒባስ ዋጋ ብቻ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፣ በከፍታ ግን ከ600 ሜትር በላይ ልዩነት አላቸው። ኮምቦልቻ ላይ ግፊቱ ወደ 81 ኪሎ ፓስካል ነው። ደሴ ላይ ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን ጥርቅም አድርጋችሁ ዝጉና ይዛችሁ ውረዱ። ሐረጎን ጨርሳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ጎኑ ገባ ብሎ ታገኙታላችሁ። ከኮምቦልቻ ዘግታችሁ ወደ ደሴ ብትወጡ ተገላቢጦሽ ነው፦ ጠርሙሱ ይደነድናል፣ ሲከፈት "ፍስስ" ይላል።

"ሞከርኩት፣ ምንም አልሆነም" የሚል አይጠፋም። እሱን ሰው "ሃይላንዱ የት ነበር?" ብላችሁ ጠይቁት። ሹፌሩ ፊት ለፊት መስታወቱ ሥር ፀሐይ ላይ ነበር ይላል። ደሴ ላይ 15 ዲግሪ የነበረ አየር ፀሐይ ላይ 40 ከደረሰ የውስጡ ግፊት 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ መውረዱ ያመጣውን ልዩነት ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። ቦርሳ ውስጥ፣ ጥላ ላይ ይሁን።

በቁጥር ማየት ለሚፈልግ፦ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ጠርሙሱን ባልዲ ውሃ ውስጥ ዘቅዝቃችሁ ክዳኑን ውሃው ውስጥ ክፈቱት። ውሃ ይገባል። የገባውን ለኩ። ሙቀቱ ካልተለወጠ አንድ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ወደ 80 ሚሊ ሊትር መግባት አለበት፤ አየሩ ከ15 ወደ 27 ዲግሪ ከሞቀ ግን 40 ገደማ ብቻ። ስለዚህ ሁለቱም ከተማ ላይ ቴርሞሜትር ንባብ ውሰዱ። ግፊት፣ ይዘትና ሙቀት ሦስቱም በአንድ ጠርሙስ ተገናኙ፣ ከዚህ የተሻለ የቤት ሥራ አላውቅም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1648 የብሌዝ ፓስካል የእህቱ ባል ፍሎሬን ፔሪዬ ፈረንሳይ ውስጥ ፒዩይ ደ ዶም የሚባል ተራራ ላይ የሜርኩሪ ቱቦ ይዞ ወጥቶ ሜርኩሪው ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ መውረዱን ለካ። የእኛው ሚኒባስ መንገድ ላይ ሜርኩሪ ቢኖር 4.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይንቀሳቀስ ነበር።

ሲሞቅ ግፊቱ እንደሚጨምር በዓይን እንዴት ላሳይ?

የግሉኮስ ቱቦው የሚፈለገው እዚህ ነው። የመስታወት ጠርሙስ ክዳን ብሱና ቱቦውን አስገብታችሁ ዙሪያውን በማስቲሽ ድፈኑ። ቱቦውን ጠርሙሱ አጠገብ በዩ ቅርጽ አጥፋችሁ ሰሌዳ ላይ በፕላስተር ለጥፉት፣ ውስጡ በቀይ እስክሪብቶ ቀለም ወይም በወፍራም ሻይ የቀላ ውሃ ጨምሩ። ሁለቱ ክንዶች እኩል ሲቆሙ ክዳኑን ጥርቅም አድርጉ።

ከዚያ አንድ ተማሪ ጥሩና ጠርሙሱን በሁለት እጁ እንዲያቅፈው አድርጉ። ሌላ ምንም አትሥሩ። ውሃው በአንዱ ክንድ ዝቅ፣ በሌላው ከፍ እያለ ሲሄድ ክፍሉ ጸጥ ይላል። አንድ ዲግሪ ጭማሪ ደሴ ላይ ግፊቱን ወደ 0.26 ኪሎ ፓስካል ያወጣዋል፣ ይህ በውሃ ከፍታ 2.6 ሴንቲ ሜትር ነው (ቱቦው ውስጥ ያለው እንቅስቃሴ ትንሽ ስለሚያሰፋው ከዚህ ጥቂት ያንሳል)። የእጅ ሙቀት አየሩን አራት ዲግሪ ብቻ ቢያሞቀው አስር ሴንቲ ሜትር ደረሰ ማለት ነው። ቱቦውን ረዘም አድርጉት፣ አለዚያ ቀለሙ ሰሌዳው ላይ ይረጫል።

ለምን ይጨምራል ለሚለው፦ የአየሩ ሞለኪውሎች በረዶ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርደው ግድግዳውን ያለማቋረጥ ይመታሉ። ሲሞቁ ይፈጥናሉ፤ ምቱም ይበረታል፣ ቶሎ ቶሎም ይሆናል።

ቲቸር፣ ሙቀቱ ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሲሄድ እጥፍ ሆነ። ግፊቱ ለምን እጥፍ አልሆነም?

ምክንያቱም ሙቀቱ እጥፍ አልሆነም። የሴልሲየስ ዜሮ በረዶ የሚቀልጥበት ነው እንጂ ሙቀት የሚያልቅበት አይደለም። ከእውነተኛው ዜሮ ሲቆጠር 20 ዲግሪ 293 ኬልቪን ነው፣ 40 ደግሞ 313። ጭማሪው 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እጥፍ ይሁን ካላችሁ 313 ዲግሪ ሴልሲየስ ድረስ ማሞቅ አለባችሁ፣ ያኔ ሃይላንዱም የለም።

ያን "እውነተኛ ዜሮ" በክፍል ውስጥ ማግኘት ይቻላል?

አይነካም፣ በግራፍ ግን ይደረስበታል። ውስጧ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር የሆነች ቀጭን የመስታወት ቱቦ ያስፈልጋል፣ አንድ ጫፏ የተደፈነ። ወደ አፏ በኩል አንዲት ጠብታ ዘይት አስገቡ። ጠብታዋ አየሩን ዘግታ እንደ ገፊ ትንሸራተታለች። ቱቦዋን ማስመሪያ ላይ አስራችሁ መጀመሪያ የሚቀልጥ በረዶ ውስጥ፣ ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ፣ ከዚያ ፈላ ውሃ ውስጥ እየነከራችሁ የታፈነውን አየር ርዝመት ለኩ። ሙቀቱን በአግድም፣ ርዝመቱን በቁም አድርጋችሁ ነጥቦቹን በማስመሪያ አገናኙና መስመሩን ወደ ግራ ቀጥሉት። ርዝመቱ ዜሮ የሚሆንበት ቦታ ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ250 እስከ 300 መሀል ከወጣላችሁ እጃችሁ ይባረክ።

አሁን ልብ በሉ፣ ደሴ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅባት ጉድጓድ ይህች ናት። ቴርሞሜትር የሌለው መምህር "በረዶው ዜሮ፣ ፈላ ውሃው መቶ" ብሎ ይጽፋል። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሳይሞላ ነው! ኮምቦልቻ ላይ 94 ገደማ። በረዶ ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር የነበረው አየር ደሴ ፈላ ውሃ ውስጥ 13.37 ይሆናል። ያንን ነጥብ 100 ላይ ብታስቀምጡት መስመሩ ይጋደምና ዜሮው 297 ላይ ይወጣላችኋል። 92 ላይ ብታስቀምጡት 273። አንዲት የስምንት ዲግሪ ስህተት 24 ዲግሪ ሆና ተመለሰች።

የዚህ ሙከራ ጥሩነቱ የአየሩን ግፊት ማወቅ አለማስፈለጉ ነው። ግፊቱ 75ም ይሁን 101 ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለማይለወጥ ከሂሳቡ ይወጣል። መንገዱም የቆየ ነው፤ ዣክ ሻርል በ1780ዎቹ ጀመረው፣ ጌይ ሉሳክ በ1802 አሳተመው።

የለስላሳ ቆርቆሮ የሚጨፈለቀው ውስጡ ያለው "ስቦት" ነው?

የሚስብ ነገር የለም። ቆርቆሮው ውስጥ ሁለት ማንኪያ ውሃ አፍልታችሁ እንፋሎቱ አየሩን ጠርጎ ሲያስወጣ በመቆንጠጫ ይዛችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትዘቀዝቁታላችሁ። እንፋሎቱ በቅጽበት ውሃ ይሆናል፣ ውስጡ ባዶ ይቀራል፣ የውጭው አየር "ጧ" አድርጎ ይደፈጥጠዋል። ጉልበቱ ደሴ ላይ ከጅቡቲው በሩብ ያንሳል፣ ለቆርቆሮ ግን ይበቃል።

ሻማውን በብርጭቆ ስንደፋበት ውሃው የሚወጣው ኦክስጅኑ ስለተቃጠለ ነው ተብለን ተምረናል። ትክክል ነው?

አይደለም። ይህ መልስ ከትውልድ ትውልድ እየተላለፈ እዚህ ደርሷል፣ እንዲያውም "አየር ውስጥ አንድ አምስተኛው ኦክስጅን ስለሆነ ውሃውም አንድ አምስተኛ ድረስ ይወጣል" ተብሎ ይጌጣል።

እስቲ ዝም ብላችሁ ውሃውን እዩት። ሻማው እየነደደ እያለ ውሃው ብዙም አይወጣም። ሊጠፋ ሲልና ከጠፋ በኋላ ነው ብድግ የሚለው። ኦክስጅን ማለቅ ቢሆን ኖሮ ሻማው በነደደ ቁጥር ቀስ እያለ ይወጣ ነበር። ደግሞም ሻማ ሁሉንም ኦክስጅን ሳይጨርስ ነው የሚጠፋው፣ በተቃጠለው ቦታም ካርቦን ዳይኦክሳይድና እንፋሎት ይተካል።

የሆነው ይህ ነው፦ ብርጭቆውን ስትደፉ ውስጡ የሚገባው በነበልባሉ የሞቀ፣ የተለጠጠ አየር ነው፤ ከፊሉ ከሥር በአረፋ ሲወጣም ይታያል። ሻማው ሲጠፋ የቀረው አየር ይቀዘቅዛል፣ እንፋሎቱም ውሃ ይሆናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ የውጭው አየር ውሃውን ገፍቶ ያስገባዋል። ተከራካሪ ተማሪ ካለ አንድ ሻማና ሦስት ሻማ በተመሳሳይ ብርጭቆ አወዳድሩለት። ኦክስጅኑ ያው ነው፣ በሦስት ሻማ ግን ውሃው ከፍ ብሎ ይወጣል። የተላጠ ቅቅል እንቁላል ጠርሙስ ውስጥ የሚገባበት ሙከራም በዚሁ ይፈታል።

ብስክሌት ስነፋ መንፊያው ለምን ይሞቃል?

አየሩን ስትጨምቁት ሥራ እየሠራችሁበት ነው፣ ሙቀቱ የሚወጣበት ጊዜ ስለማያገኝ ውስጡ ይቀራል። ናፍጣ ሞተር ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የሌለው በዚህ ምክንያት ነው፤ አይሱዙው አየሩን ከ16 እጥፍ በላይ ሲጨምቀው ከ500 ዲግሪ በላይ ስለሚግል ናፍጣው ገና ሲረጭ ይቀጣጠላል። የመርፌ ሙከራችሁም ላይ ይህ አለ፦ በፍጥነት ከጫናችሁ አየሩ ይሞቃል፣ የቦይል ሕግ ደግሞ ሙቀት አይለወጥ ነው የሚለው። ጫኑ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ አንብቡ።

ጎሚስታው ደሴ ላይ 30 ሞላልኝ። ኮምቦልቻ ስወርድ ስንት ይላል?

የጎሚስታው ጌጅ የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ብቻ ነው። 30 ፒኤስአይ 207 ኪሎ ፓስካል ነው፤ የደሴን 75 ስትደምሩ ጎማው ውስጥ ያለው እውነተኛ ግፊት 282 ነው። ሙቀቱ ባይለወጥ ኮምቦልቻ ላይ ጌጁ የሚያሳየው 282 ሲቀነስ 81፣ 201 ወይም 29 ፒኤስአይ ነው። ግን ከ15 ወደ 27 ዲግሪ ሞቋል፣ ስለዚህ 282 ወደ 294 ያድጋል፣ ጌጁም 31 አካባቢ ይላል። በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ ለሚወርድ ሹፌር አስፋልቱና ሩጫው ሲጨመርበት ከዚህም ያልፋል።

ደሴ ላይ ንፍሮ ቶሎ አይበስልም የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ክዳኑ በማይገጥም ድስት ውስጥ ውሃው ከ92 አያልፍም፣ ማገዶ ብትጨምሩም የሚጨምረው እንፋሎቱ ነው። ላሊበላም ያው ነው፣ ከዚያ በላይ 4,260 ሜትር ያለው አቡነ ዮሴፍ ላይ ደግሞ 86 ገደማ ነው። ፕሬዠር ማብሰያ በውጭው አየር ላይ 100 ኪሎ ፓስካል የሚጨምር ከሆነ ደሴ ላይ 116 ዲግሪ ያደርሰዋል፣ ባሕር ዳርቻ ላይ 120።

ተቃራኒውን በመርፌ አሳዩ። ከፔርሙዙ 60 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውሃ ሩብ ያህል ሳቡ፣ አየሩን በሙሉ አስወጡ፣ አፉን በጣት ዝጉና ገፊውን በኃይል ወደ ኋላ ጎትቱ። እጃችሁ ላይ ይንተከተካል።

ምን ላድርግ፣ ምን ልተው? 70 ልጅ ፊት ነው የምሠራው።

የተዘጋ ዕቃ እሳት ላይ አታስቀምጡ፣ ሃይላንድም ቆርቆሮም። ፈላ ውሃ ውስጥ መንከር ይበቃል። የለስላሳ መስታወት ጠርሙስ ከበረዶ ወጥቶ ፈላ ውሃ ውስጥ አይግባ፣ ይሰነጠቃል። ከጤና ጣቢያ የተጣለ መርፌ በፍጹም አትልቀሙ። ለኋላ ወንበሮች እንዲታይ ቱቦውን ከነጭ ወረቀት ፊት አድርጉና ቀለሙን አድምቁት፤ ካልሆነ ስልካችሁን ቱቦው ላይ አስጠግታችሁ ቅረጹና አዙሩላቸው። አሮጌ የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ካላችሁ ለዚህ ሥራ አታውጡት። ከተሰበረ ልጆቹን አስወጡ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ ጠብታዎቹን በወፍራም ወረቀት እየገፋችሁ ክዳን ያለው ጠርሙስ ውስጥ ሰብስቡ፤ መጥረጊያ በታትኖ ስለሚያሰራጨው አትጠቀሙ።